ወሬውን ያደረሰው ማን ነው? ከሞያሌ ድንበር እስከ ናይሮቢ ፍርድ ቤት

መጋቢት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. በሞያሌ፣ በኢትዮጵያ በኩል፣ ወታደሮች ተኩስ ከፍተው ሰላማዊ ሰዎችን ገደሉ። ያኔ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የተቋቋመው ኮማንድ ፖስት ዘጠኝ ሰዎች መሞታቸውን አመነ። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፣ ወታደሮቹ የተንቀሳቀሱት በተሳሳተ መረጃ ነው አለ። ማብራሪያውን የተጠራጠረው ሰው ብዙ ነበር። ሕዝቡ ግን ልጁን አዝሎ፣ የቻለውን ተሸክሞ ድንበሩን ተሻገረ፤ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እዚህ በኬንያ በኩል፣ በማርሳቢት ካውንቲ ተጠለለ።

የተሳሳተ መረጃ ስንት ሰው ከቤቱ እንደሚያወጣ ለእኛ አስተማሪ አያስፈልገንም። ያም ሆኖ ያኔ የሚጠየቅ ሰው ነበር። መረጃውን ያቀበለ አለ፣ የተቀበለ አዛዥ አለ፣ ቃታ የሳበ አለ። ኮማንድ ፖስቱም ወታደሮቹ ትጥቅ ፈትተው እየተመረመሩ ነው ብሎ ነበር። ዛሬ በመሃል ሌላ ነገር ገብቷል፦ ወሬ የሚመርጥ ማሽን። ታዲያ ማሽን መርጦ ያጮኸው ወሬ ሰው ሲያስገድል ማን ይጠየቃል?

ማሽኑ እንዴት ይመርጣል?

ሰው ሰራሽ አስተውሎት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሮቦት ነው፤ ወይም ሲጠይቁት እንደ ሰው የሚመልሰው ቻትጂፒቲ። እኛ ግን ሳናውቀው ከዓመታት በፊት ተዋውቀነዋል። ፌስቡክ ስንከፍት የትኛው ጽሑፍ ከላይ እንደሚመጣ፣ የትኛው እንደሚቀበር የሚወስነው አልጎሪዝም የሚባለው የኮምፒውተር ቀመር ነው። ቀመሩ ወሬው እውነት ይሁን ውሸት አይጠይቅም። የሚቆጥረው ስንት ሰው ኮመንት ሰጠ፣ ስንት ሰው ሼር አደረገ የሚለውን ነው።

በፈረንጆቹ ጥር 2018 ፌስቡክ ቀመሩን ቀይሮ፣ ሰዎች ብዙ የሚነጋገሩበት ጽሑፍ ቅድሚያ እንዲያገኝ አደረገ። ወዳጅ ዘመድን ለማቀራረብ ነው ተባለ። ግን ሰው አብዝቶ የሚነጋገረው በምን ላይ ነው? በሚያናድደውና በሚያስፈራው ላይ ነዋ! የድርጅቱ ተመራማሪዎች ራሳቸው ይህን እንዳዩት የታወቀው፣ ፍራንሲስ ሆገን የተባለች የቀድሞ ሠራተኛ በ2021 የውስጥ ሰነዶችን ይዛ ከወጣች በኋላ ነው። በአሜሪካ ሴኔት ፊት ስትመሰክር ኢትዮጵያን በስም ጠቅሳ፣ አሠራሩ የብሔር ግጭትን እያራገበ ነው ብላለች።

ባሕር ዳር የሆነው

ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ጦርነቱ በተፋፋመበት ሰዓት፣ ትግራዋይ የሆኑትን እኚህን ሰው የሚወነጅሉ ጽሑፎች ከነፎቷቸው ፌስቡክ ላይ ወጡ። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሱ ለድርጅቱ ደጋግሞ ማመልከቱን ይናገራል። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፕሮፌሰሩ ቤታቸው ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደሉ።

በዚያ ጦርነት በስልክ የተወነጀለው የአንድ ወገን ሰው ብቻ አይደለም። አማራውም፣ ትግራዋዩም፣ ኦሮሞውም ቀምሶታል፤ ካምፕ ውስጥ ከአንድ ቧንቧ ውሃ የምንቀዳ ሰዎች ይህን እናውቃለን።

ታኅሣሥ 5 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሮፌሰሩ ልጅ ከተመራማሪው ፍስሐ ተክሌና ካቲባ ኢንስቲትዩት ከተባለው የኬንያ ተቋም ጋር ሆኖ፣ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ለምን ኬንያ? የኢትዮጵያን ቋንቋዎች የሚያዩት የፌስቡክ ይዘት ተቆጣጣሪዎች ይሠሩ የነበረው ናይሮቢ ስለነበር ነው። ከሳሾቹ ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚሆን የካሳ ፈንድ እንዲቋቋም፣ ቀመሩ እንዲስተካከል፣ ተቆጣጣሪዎችም እንዲበዙ ጠየቁ። ሜታ በበኩሉ ጎጂ ይዘትን ለማስወገድ ብዙ ወጪ እንደሚያደርግ ገልጾ፣ የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም ሲል ተከራከረ። መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ።

በዚህ ውሳኔ ሜታ ጥፋተኛ አልተባለም፤ ጉዳዩ እዚሁ ይታያል ነው የተባለው። ቢሆንም ቀላል ነገር አይደለም። በ2017 ከ700 ሺህ በላይ ሮሂንጋዎች ከምያንማር ወደ ባንግላዴሽ ከተሰደዱ በኋላ፣ ፌስቡክ ለአመጽ መቀስቀሻ እንዳይውል በቂ ሥራ አልሠራንም ብሎ በ2018 አምኗል። ማመን አንድ ነገር ነው፤ ችሎት ቀርቦ መልስ መስጠት ሌላ ነገር ነው።

ነገ ታሪካችንን ለልጆቻችን ማን ይነግራል?

አሁን የመጡት ማሽኖች ደግሞ ወሬ ከመምረጥ አልፈው ራሳቸው ያወራሉ። የሚማሩት ግን ሰው ኢንተርኔት ላይ ከጻፈው ነው። ይህን አደጋ አስቀድመው ከተናገሩት አንዷ ከእኛው ሰፈር የወጣች ስደተኛ ናት። ቲምኒት ገብሩ ከኤርትራውያን ወላጆች አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ሰበብ በልጅነቷ ተሰዳ አሜሪካ ጥገኝነት ያገኘች ናት። በ2020 ጉግል ውስጥ ሆና ከሌሎች ጋር በጻፈችው ጥናት፣ እነዚህ ማሽኖች ኢንተርኔት ላይ ያለውን ጥላቻና አድልዎ ለቅመው መልሰው እንደሚያስተጋቡ አስጠነቀቀች። በጥናቱ ምክንያት በተነሳው ውዝግብ ከጉግል ወጣች፤ እሷ ተባረርኩ ትላለች፣ ድርጅቱ ለቀቀች ይላል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ኢንተርኔት ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ካለው ውስጥም የጦርነቱ ጊዜ ስድብና ውንጀላ ብዙ ነው። ነገ ካኩማ ወይም ዳዳብ የተወለደ ልጅ ስልኩን «እኛ ለምንድን ነው የተሰደድነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ማሽኑ የሚመልስለት ከዚያ ከለቀመው ነው። ሌሊት ቤቱ የደበቀን የሌላ ብሔር ጎረቤት፣ ያለ ክፍያ ያሻገረን ሹፌር፣ ሞያሌ ላይ ሻይ ያፈላችልን ሴት፣ እኛ ካልነገርናቸው እዚያ ውስጥ የሉም። ማሽኑ እንዳልነበሩ ይቆጥራቸዋል፤ ልጁም እንደዚያው።

ምን እናድርግ ለሚለው መልሱ ሩቅ አይደለም። አፋር ዳጉ የሚባል ወግ አለው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ያዩትን ከሰሙት ይለያሉ፣ ከማን እንደሰሙም ይናገራሉ። ውሸት የነዛ ሰው ይጠየቅበታል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ቴሌግራምና ዋትሳፕ ላይም ይኸው ይሠራል፦ አየህ ወይስ ሰማህ? ከማን? መቼ? ዛሬ የሰው ድምፅና ምስል በማሽን ስለሚሠራ፣ «በዓይኔ ቪዲዮውን አይቻለሁ» ማለት ብቻ አይበቃም። የሪሴትልመንት ኬዝህን አስጨርስልሃለሁ፣ ብር ላክ የሚል ድምፅ ቢደርሳችሁ፣ የምታውቁትን ባለሥልጣን ቢመስልም እንኳ፣ የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት በሙሉ በነፃ መሆኑን አስታውሱ።

ሁለተኛው የራሳችንን ታሪክ ማስቀመጥ ነው። የሽማግሌዎቻችንን ድምፅ በስልክ እንቅዳ፣ እንጻፍ፣ የሠሩብንንም የረዱንንም ሳንደብቅ። ግን ሰውን ለአደጋ የሚያጋልጥ ስም፣ ፎቶና አድራሻ አናውጣ፤ ባሕር ዳር ላይ የሆነው በዚያ ነው የጀመረው።

የናይሮቢው ችሎት የሚመልሰው የድርጅቱን ድርሻ ነው። ሼር የሚለውን የሚጫነው ጣት ግን የእኛ ነው።