የደንበኞች መዝገብና የመደርደሪያ ፕሮግራም

የደንበኞችን ስም በፊደል ተራ መደርደር ቀላል ሥራ ይመስላል። በካርድ ዘመን ድካሙ ግልጥ ነበር፤ ሰማንያ ዓምድ ያለውን ካርድ መደርደሪያው መኪና በአንድ ጊዜ በአንድ ዓምድ ብቻ ይለየው ስለ ነበር፥ ረጅም ስም ካርዶቹን ደጋግሞ ማሳለፍን ይጠይቅ ነበር። አይ.ቢ.ኤም. በ1964 እ.ኤ.አ. ሲስተም 360 የተባሉትን ታላላቅ ኮምፒዩተሮች ካስታወቀ በኋላም ለመደርደሪያው ፕሮግራም ትእዛዝ የሚሰጠው ሰው፥ ስሙ ከስንተኛው ቦታ እንደሚጀምርና ምን ያህል እንደሚረዝም በቁጥር መጻፍ ነበረበት። አንዲት ቁጥር ብትሳሳት መዝገቡ በስም ፈንታ በሌላ ነገር ተደርድሮ ይወጣል። ኮቦል የተባለው የንግድ ሥራ ቋንቋ «በደንበኛ ስም ደርድር» እንደ ማለት ያለ ትእዛዝ ማምጣቱ ስለዚህ የሚመሰገን ነው፤ ቦታ መቁጠሩ የመኪናው ፋንታ ሆነ።

ለአማርኛ መዝገብ ግን ይህ ብቻ አይበቃም። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን የሐይቅን ከተማ አንዱ ጸሐፊ በሐመሩ ሐ፥ ሌላው በሃሌታው ሀ፥ ሦስተኛው በብዙኃኑ ኀ ሊጽፋት ይችላል። የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በገባበት በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ሦስቱ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። በቁጥሩ ብቻ የሚደረድር ፕሮግራም በ«ሀይቅ»ና በ«ሐይቅ» መካከል የላሊበላን ደንበኞች ያስገባል፤ «ኀይቅ»ን ከቸ ቤት በኋላ ይጥላታል። አንድ የደሴ አስመጪ ለሐይቅ ባለሱቆች የሰጠውን ዱቤ በከተማ ቢያስደምር ሦስት ድምር ይወጣለታል፤ በደንበኛ ስምም እንዲሁ ሲሆን፥ በአንዱ አጻጻፍ ባለዕዳ የሆነው በሌላው ንጹሕ መስሎ አዲስ ዱቤ ይወስዳል። ተንኮል የለበትም፤ ጸሐፊው ተለውጦ ነው።

መድኃኒቱ ጸሐፊዎችን ሁሉ በአንድ አጻጻፍ ማስገደድ ነው የሚሉ አሉ። የደንበኛው ስም ግን የደንበኛው ነው፤ ደረሰኙም ከንግድ ፈቃዱ ጋር መስማማት አለበት። የሚሻለው ፕሮግራሙ የተጻፈውን ሳይነካ፥ ለማነጻጸር ብቻ ሐንና ኀን እንደ ሀ፥ ሠን እንደ ሰ፥ ዐን እንደ አ፥ ፀን እንደ ጸ እንዲቈጥር ማድረግ ነው፤ ሀና ሃም በድምፅ አንድ መሆናቸው አይረሳ። በስም እኩል የሆኑት መስመሮች በገቡበት ተራ ይቈዩ፤ አለዚያ የደረሰኞቹ ቀን ይዘበራረቃል። ከነጋዴው የሚጠየቀው የትኛው መዝገብ፥ በምን፥ ከላይ ወደ ታች ወይስ ከታች ወደ ላይ የሚለው ብቻ ይሁን።

ፕሮግራም የሚገዛ ነጋዴ ዋጋውን ከመክፈሉ በፊት ሐይቅን በሦስቱም ፊደል አስጽፎ፥ ላሊበላን ጨምሮ ያስደርድር።