የሬምፓንግ ሙስሊሞች፦ መሬቱ የአያቶቻቸው፣ ወረቀቱ የባለሥልጣኑ

ከሲንጋፖር በስተደቡብ፣ ከባታም ደሴት ጋር በድልድይ የተያያዘች ሬምፓንግ የምትባል የኢንዶኔዥያ ደሴት አለች። በ16ቱ ነባር መንደሮቿ የሚኖሩት በአብዛኛው ዓሣ አስጋሪ የማላይ ሙስሊሞች ናቸው። አያቶቻቸው በሪያው ሱልጣኔት ዘመን፣ ከ1834 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ እዚያ እንደሰፈሩ ይናገራሉ። ሴፕቴምበር 7 ቀን 2023 የጸጥታ ኃይሎች ከመሬት ቀያሾች ጋር ሲመጡ ሕዝቡ መንገድ ዘጋ። የተተኮሰው አስለቃሽ ጭስ ትምህርት ቤት ደርሶ ሕፃናት ሆስፒታል ገቡ።

ዓለም ያወቀው ይህን ግጭት ነው። ጠቡ ግን ከዚያ በፊት በወረቀት ላይ የተጀመረ ነው።

መንግሥት በ1973 የባታምን መሬት የማስተዳደር መብት ለአንድ የልማት ባለሥልጣን ሰጠ። በ1992 ሬምፓንግና ጋላንግ ተጨመሩበት። በ2007 አካባቢው ነጻ የንግድ ቀጠና ሆነ። እንዲህ ባለ ቀጠና ውስጥ መሬት የሚመድበው ባለሥልጣኑ ነው፤ የመሬት ሰነድ የሌለው ሰው ደግሞ በሕጋዊ መንገድ የግንባታ ፈቃድ ማውጣት አይችልም። «ካርታ አለህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል እንደሚከብድ ለእኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ለትውልድ የተኖረበት ቤት፣ መስጂዱና የአባቶች መቃብር ሳይቀሩ ባለሥልጣኑ ባልመደበው መሬት ላይ የቆሙ ሆነው ተቆጠሩ።

በ2023 በደሴቲቱ ላይ «ሬምፓንግ ኢኮ ሲቲ» የተባለ ፕሮጀክት ብሔራዊ ስትራቴጂያዊ ተብሎ ታወጀ። ሺንዪ የተባለው የቻይና የመስታወት አምራች 11.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያፈስበታል ተባለ። 7,500 ያህል ሰዎች ይነሳሉ ማለት ነበር። የወቅቱ የመሬት ጉዳዮች ሚኒስትር ሃዲ ትጃህጃንቶ ነዋሪዎቹ የባለቤትነት ሰነድ እንደሌላቸው ተናገሩ። እውነት ነው፤ የላቸውም። ግን ማን ሊሰጣቸው ይችል ነበር? ሰነዱን የያዘው አካል ለዓመታት ሳይሰጥ ቆይቶ አለመኖሩን ማስረጃ አድርጎ ማቅረቡ ነው የክርክሩ ትልቁ ጉድለት።

በሌላ በኩል ድልድዩ ከተሠራ ወዲህ መጥተው የሰፈሩም አሉ፤ «ሁሉም ነባር ነው» ማለት አይቻልም። ሆኖም ነባሩን ከአዲሱ ለመለየት ሰከን ያለ ማጣራት እንጂ አስለቃሽ ጭስ አያስፈልግም ነበር።

የሀገሪቱ ዑለማዎችም ዝም አላሉም። ሙሐመዲያ ፕሮጀክቱ እንደገና እንዲታይ ጠየቀ። ናህደቱል ዑለማ በበኩሉ በ2021 በላምፑንግ ባካሄደው ጉባኤ ሕዝብ ለረጅም ጊዜ ያለማውን መሬት መንግሥት በኃይል መንጠቁ ሐራም ነው ብሎ ነበር። ይህ ውሳኔ ከሬምፓንግ በፊት የወጣ ነው። አንዳንድ ሚዲያዎች ድርጅቱ ፕሮጀክቱን ራሱን ሐራም ያደረገ አስመስለው ዘግበው ድርጅቱ ማስተባበሉን ልብ ይሏል። የውሳኔው መሠረት ግን ለፊቅህ ተማሪ እንግዳ አይደለም። የሞተ መሬትን ሕይወት የዘራበት ሰው መብት ያገኛል የሚለው «ኢሕያኡል መዋት» ነው፤ ዑለማዎች የተለያዩትም የመሪው ፈቃድ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም በሚለው ላይ ነው። ኢማሙ አቡ ሐኒፋ ፈቃድ ያስፈልጋል ብለዋል፤ ኢማሙ ሻፊዒይ አያስፈልግም ብለዋል። የኢንዶኔዥያ ሙስሊም በአብዛኛው የሻፊዒይ መዝሀብ ተከታይ ነው።

በ2025 ፕሮጀክቱ በአዲሱ የፕሬዚዳንት ፕራቦዎ መንግሥት የስትራቴጂያዊ ፕሮጀክቶች ዝርዝር ውስጥ አልተገኘም። ነዋሪው ለጊዜው እፎይ ቢልም የመሬቱ ጥያቄ በዚህ አልተዘጋም፤ ኩባንያው የወሰደው ፕሮጀክት ከዝርዝሩ በመውጣቱ ብቻ ለመንደርተኛው ሰነድ አይመጣለትም። ለመነሳት ለተስማሙ ቤተሰቦች ግን መንግሥት 500 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 45 ካሬ ሜትር ቤት፣ ከነሙሉ የባለቤትነት ሰነዱ፣ ቃል ገብቶላቸዋል። ለሚለቅ የሚሰጠው ይህ ወረቀት ለሚቀረው ለምን እንደማይሰጥ ግን መጠየቁ ተገቢ ነው።