«መ. ሁሉም»

በገበያ መካከል ሰዎች አንድ ወጣት «ስልክ ሰርቋል» ብለው ከበው ሲደበድቡት ደረስክ። መጀመሪያ የምታደርገው ምንድን ነው? ሀ. ተጠርጣሪውን ከሕዝቡ ማስጣል። ለ. ስልኩን በኤግዚቢትነት መያዝ። ሐ. የምስክሮችን ስምና አድራሻ መመዝገብ። መ. ሁሉም።

ከገጹ ግርጌ የሰፈረው የመልስ ቁልፍ «መ» ይላል። «መጀመሪያ» ተብሎ ተጠይቆ መልሱ «ሁሉም»!

ወረቀቱን ያመጣልኝ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ኮንስታብል ነው፤ ለማዕረግ ዕድገት ፈተና እየተዘጋጀ ነው። ከፎቶ ኮፒ ቤት የገዛው ጥራዝ ስንት ጊዜ እንደተባዛ እንጃ፣ ፊደሉ ደብዝዞ አንዳንዱ ገጽ በግምት ነው የሚነበበው። ማን እንዳዘጋጀው አልተጻፈበትም። ሰሞኑን ከሥራ ሲወጣ ማታ ማታ እየመጣ «ጋሼ፣ እስኪ ይጠይቁኝ» ይለኛል፤ እኔም እጠይቀዋለሁ። በጠየቅኩት ቁጥር ግን የምናደደው እየበዛ መጣ። የምናደደው በእሱ አይደለም። ይህን ብርቱ ልጅ በዚህ ወረቀት ተዘጋጅ ባሉት ሰዎች ነው።

ከሽምደዳ ጋር ያለኝ ጠብ ለዚህ ዓምድ አንባቢዎች አዲስ አይደለም። ስለ ትምህርት ቤት ስጽፍ «ምን ይሁን ታዲያ፣ ልጆቹ ማለፍ አለባቸው» ያላችሁኝ ነበራችሁ። እሺ፣ ተማሪው ይሸምድድ፤ ቢጎዳ የሚጎዳው ራሱን ነው። ፖሊስ ሲሸመድድ ግን የሚጎዳው ሌላ ሰው ነው፤ የተያዘው፣ የተሰረቀችው፣ በሐሰት የተጠቆመበት።

ወደ ገበያው ልመለስ። ሦስቱም ተግባሮች ትክክል ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ነው ነገሩ። ኮንስታብሉ ስልኩን ፍለጋ ቢያጎነብስ ልጁ በድንጋይ ሊሞት ይችላል። ልጁን አስጥሎ ቶሎ ወደ ጣቢያ ቢወስደው ደግሞ ሲመለስ ገበያው ውስጥ ያየ ሰው አያገኝም። ሁሉም እቃውን አንስቶ ሄዷል። ብቻውን ከሆነስ? ባልደረባው በምን ያህል ጊዜ ይደርሳል? ከከበቡት ሰዎች መካከል ረጋ ያለው የትኛው ነው፣ «አንተ፣ ከዚህ እንዳትንቀሳቀስ፣ እፈልግሃለሁ» ሊባል የሚችለው? ስልኩስ አሁን በማን እጅ ነው? ሥራው ይሄ ነው። ከጥያቄው ውስጥ ተቆርጦ የወጣውም ይሄው ነው።

የሚቀጥለው ገጽ የቁጥር ነው። «የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 ስለ ምን ይደነግጋል?» ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ ልጁ መለሰ፦ «የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት።» ጥሩ። «ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አንድ ሰው ያዝክ። እስከ መቼ ነው የምታቀርበው?» አልኩት። «ሰኞ ጠዋት» አለኝ፣ ያለ ምንም ጥርጣሬ። አብረን ቆጠርን። ዓርብ 11 ሰዓት፣ ቅዳሜ 11 ሰዓት፣ እሑድ 11 ሰዓት። ዝም አለ። ከዚያ «እሑድ እኮ ዝግ ነው ጋሼ» አለ።

ሕገ መንግሥቱ ስለ እሑድ አንድም ቃል አላለም። ከ48 ሰዓቱ ላይ የማይቆጠረው ሰውየው ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ በግምት የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ዓርብ ማታ ሰው የያዘ ፖሊስ ዓርብ ማታውኑ መጨነቅ አለበት፦ ተረኛ ችሎት አለ? የት ነው? ማን ነው የሚያውቀው? ጉዳዩስ እስከዚያ በዋስ የሚያስለቅቅ አይደለም? በሰፈራችን ዓርብ የተያዘ ሰው ቤተሰብ ከመጀመሪያው ሰኞን ነው የሚጠብቀው። ቅዳሜና እሑድ ምሳ ዕቃ በፌስታል አንጠልጥለው ጣቢያ በር ላይ የሚቆሙ እናቶችን ያላየ የከተማችን ሰው ያለ አይመስለኝም። ለእነዚያ እናቶች የአንቀጹን ቁጥር የሸመደደ መርማሪ ምንም አይፈይድላቸውም። የሚያስፈልጋቸው ሰዓት የሚቆጥር መርማሪ ነው።

አሁን የሚያስደስተውን ልንገራችሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ስናደድ ብቻ አልከረምኩም። ተፈታሹ ሴት ስትሆን ፍተሻውን የምታደርገው ሴት ብቻ እንደሆነች ልጁ ያውቃል፤ ሕጉ ይላል፣ ጥራዙም ይላል። «ሌሊት ነው እንበል፤ በጣቢያው ሴት ፖሊስ የለችም። ሴትዮዋ ቦርሳዋን አጥብቃ ይዛለች። ምን ታደርጋለህ?» ብዬ ጠየቅኩት። ይህ በወረቀቱ ላይ የለም። ልጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ወንበር ሰጥቻት ከፊቴ አስቀምጣታለሁ። ለቅርቡ ጣቢያ እደውላለሁ፣ ሴት ባልደረባ ይልኩልኛል። እስክትመጣ ሽንት ቤት ልሂድ ብትል የምትሸኛት ሌላ ሴት እፈልጋለሁ፤ ቦርሳው ከዓይኔ አይወጣም። የደወልኩበትን ሰዓትና ባልደረባዬ የደረሰችበትን ሰዓት እጽፋለሁ። አለዚያ በኋላ ምን ስትሠሩ ቆያችሁ እባላለሁ።»

ይህን ማንም አላስጠናውም። ከሥራው ያገኘው ነው። የምናደደውም ለዚህ ነው፦ ማመዛዘኑ ልጁ ዘንድ አለ፣ ፈተናው ግን አይጠይቀውም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፍርድ ቤት በግልጽ ካላዘዘ በቀር ቤት የሚበረበረው ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት መሆኑን ሲደነግግ፣ ሌሊት በር ተንኳኩቶ የሚነሣ ሕፃን ምን እንደሚሰማው ያሰበ ሰው ጽፎታል ብዬ አምናለሁ። ጥራዙ ግን «ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት?» ብሎ ያልፋል። ለምን እንደሆነ አንድ መስመር የለውም።

ማስረጃ ላይ ሲደረስ ደግሞ ይብሳል። እዚህ ጋ ከዓመት በፊት ችሎት ተቀምጬ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ከአእምሮዬ አልጠፋም። የተሰረቀችው ሻይ ቡና የምትሸጥ ሴት ናት። ስልኳ ላይ የደንበኞቿ ዱቤ፣ የቴሌብር ገንዘቧ፣ የልጇ ፎቶ አለ። ኤግዚቢቱ ሲቀርብ ከካኪ ፖስታ ወጣ፤ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ። በፖስታው ላይ ምንም አልተጻፈም። ቀን የለም፣ ሰዓት የለም፣ የስልኩ መለያ ቁጥር የለም፣ ፊርማ የለም። ተከላካይ ጠበቃው ኮንስታብሉን አንድ ጥያቄ ጠየቀው፦ «ይህን ስልክ ከማን እጅ ነው የተቀበልከው?» ኮንስታብሉ «ከተጠርጣሪው» አለ። መዝገቡ ላይ ግን «ከሕዝብ የተረከብነው» ተብሎ ተጽፏል። ሁለተኛ ጥያቄ አላስፈለገም። ተከሳሹ በዚያው የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 141 መሠረት መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ተሰናበተ። ሴትዮዋ ኮሪደሩ ላይ ቆማ «እና ስልኬን የወሰደው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች፤ የመለሰላት ሰው አልነበረም።

ዳኛው ትክክል ነበሩ፣ ጠበቃውም ሥራውን ነው የሠራው። ያ መዝገብ የወደቀው ፖስታው ላይ አራት መስመር ባለመጻፉ ነው፦ የት ተገኘ፣ ከማን፣ በስንት ሰዓት፣ ማን ተረከበ። ታዲያ በዚህ ሁሉ ጥራዝ ውስጥ «ይህን የኤግዚቢት መረከቢያ ሙላ» የሚል አንድ ጥያቄ ፈልጌ አጣሁ። «የማስረጃ ዓይነቶች ስንት ናቸው?» የሚል ግን አለ።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ስል «ሌባ የሚያመልጠው በእናንተ ሰብአዊ መብት ነው» ይሉኛል። አይደለም። ያ ሰው ያመለጠው በባዶ ፖስታ ነው። «ጥፊ ቢቀምስ ያምን ነበር» የሚሉም አሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 5 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደማይኖረው ይናገራል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 424 የተያዘን ሰው ያንገላታ የመንግሥት ሠራተኛን ይቀጣል። ጥፊው መዝገቡንም መቺውንም ይዞ ነው የሚወድቀው። ይህ ባይኖር እንኳ፣ በጥፊ የሚያምን ሰው ያልሠራውንም ያምናል።

አያቶቻችን ሌባሻይ ነበራቸው። ልጅ አደንዛዥ ነገር አጠጥተውና አጭሰው ይለቁታል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። መጀመሪያ ሰው ይገኛል፣ ከዚያ ጥፋት ይለጠፍበታል። ያ ልማድ በሕግ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ሐሳቡ ግን አሁንም አለ። ምርመራውን «እመን» ብሎ የሚጀምር መርማሪ የቆመው እዚያው ነው። ከነገሩ ተነሥቶ ወደ ሰው የሚሄድ መርማሪ ነው ማፍራት ያለብን፤ ያንን ደግሞ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ አያፈራውም።

ለፈተና አውጪዎች የምላችሁ ይህ ነው። ለተፈታኙ ሆን ተብሎ የተበላሸ የሦስት ገጽ መዝገብ ስጡት። የምስክሩ ቃልና የተጠርጣሪው ቃል የተጻፉበት ሰዓት አይጣጣም፤ የኤግዚቢቱ ርክክብ ላይ ፊርማ ጎድሏል፤ ሰውየው የተያዘው ዓርብ ነው። «ምን ጎድሏል? አሁን ምን ታደርጋለህ? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁት፤ በራሱ እጅ ጽሑፍ ያብራራ። ማረሙ ጊዜ ይወስዳል፣ አውቃለሁ። ባለብዙ ምርጫ በአንድ ከሰዓት ይታረማል። በዚያ ከሰዓት የተቆጠበው ጊዜ ግን በየችሎቱ በወደቁ መዝገቦች ይከፈላል።

ይህን ሁሉ ስለ ፖሊስ ከጻፍኩ በኋላ ስለ እኛ ካልተናገርኩ ፍርዴ ይጎድላል። ያን የስልክ ጉዳይ እየደጋገምኩ ሳስበው፣ መዝገቡ ላይ የነበሩት ምስክሮች ሁለት ብቻ መሆናቸው ይገርመኛል። ሴትዮዋ እንደተናገረችው ተጠርጣሪውን የከበበው ሰው መንገድ ዘግቶ ነበር። ያ ሁሉ ሰው አይቷል። ለመምታት ጊዜ ነበረው። ኮንስታብሉ ደብተሩን ሲያወጣ ግን «እኔ አሁን ነው የደረስኩት»፣ «እኔ ድምፅ ሰምቼ ነው» እያለ ተበተነ። ከሁሉ ቀድሞ የሚሄደው ደግሞ አብዝቶ የመታው ነው፣ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።

ምክንያት አለን። አንድ ቀን ቃል ለመስጠት፣ ሌላ ቀን ለመመስከር፣ ቀጠሮ ሲተላለፍ ሌላ ቀን፤ ሱቅ ይዘጋል፣ የቀን ገቢ ይቀራል። የተከሳሹ ጓደኞች ሰፈር ውስጥ ናቸው። የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የወጣው ለከባድ ወንጀሎች ነው፤ የተራ ስርቆት ምስክር ጥላው አይደርሰውም። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ግን የጎረቤቴ ልጅ የፈለገውን ያህል ቢማር፣ ፈተናው የፈለገውን ያህል ቢሻሻል፣ ገበያው መካከል ደብተሩን ይዞ ሲቆም ስም የሚሰጠው ሰው ካጣ፣ በእጁ የሚቀረው የተጠርጣሪው አፍ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ዱላውን የምንኮንን ሰዎች ምስክርነቱን እየነፈግን ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ያያችሁትን አየሁ በሉ። እጃችሁን ከተያዘው ልጅ ላይ አንሡ፣ ስማችሁንና ስልክ ቁጥራችሁን ለኮንስታብሉ ስጡት፣ መጥሪያ ሲደርሳችሁም ሂዱ።