ርካሽ ወይን ያሳፍራል እንዴ?



አንድ ወዳጄ የፍቅረኛው ወላጆች ምሳ ጠሩትና ባዶ እጄን አልሄድም ብሎ ግሮሰሪ ገባ። መደርደሪያው ላይ የአገራችን ጉደርና ዋጋው ከእጥፍ በላይ የሆነ የውጭ ቀይ ወይን ጎን ለጎን ቆመዋል። ኪሱ «ጉደር» ይለዋል፣ ልቡ ደግሞ «ሰዎቹ ምን ይሉኛል?» ይለዋል። በመጨረሻ ብር ተበድሮ ውዱን ገዛ! ኧረ ለምን ጎበዝ?

ወይን የምንቀምሰው በምላስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 ፈረንሳዊው ፍሬደሪክ ብሮሼና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ነጭ ወይን ጣዕም በሌለው ቀለም ቀይ ተደርጎ ለ54 የወይን ትምህርት ተማሪዎች ቀረበ። ተማሪዎቹ ሽታውን የገለጹት ለቀይ ወይን በሚነገሩ ቃላት ነበር! የሙያው ተማሪዎች በቀለም ከተታለሉ፣ እኛ በዋጋ ብንታለል ምን ይገርማል?

ስለዚህ በዋጋው ሳይሆን በራሱ እንፍረደው። ግሮሰሪ ውስጥ ፀሐይ የሚመታውን ጠርሙስ ተዉት፤ ሙቀትና ብርሃን ወይን ያበላሻሉ። ቡሽ ካለው፣ ቡሹ ወደ ላይ ገፍቶ የወጣውን ወይም ያንጠባጠበውንም አትንኩ። «አቧራ የጠጣ ወይን ይጣፍጣል» የሚሏችሁን አትስሟቸው። ርካሽ ወይን ቶሎ እንዲጠጣ የተሠራ ነው፤ ዓመት ቢቆይ አይሻሻልም።

ቤት ስትደርሱ ብርጭቆው ላይ ትንሽ ቅዱና አሽትቱ። አቼቶ አቼቶ ካለ ወይም እርጥብ ካርቶን ከሸተተ ተበላሽቷል። የፍሬ ሽታ ካለው ቅመሱት። የመጀመሪያው ጉንጭ ምላስ ቢያደርቅ አትደንግጡ፤ ከምግብ ጋር ድገሙት።

ብዙ ሰው «ጉደር ይመራል» የሚለው ጣፋጭ ጠብቆ ነው። ጉደር ስኳር የማይበዛበት፣ «ድራይ» የሚሉት ዓይነት ነው። ቅባት ካለው ጥብስ ጋር ሲሆን ድርቀቱ ይለዝባል። ጣፋጭ የሚወድ ሰው የዚያው የአዋሽ ፋብሪካ ምርት የሆነውን አክሱማይትን ይያዝ፤ ጣፋጭነቱ የዶሮ ወጡን በርበሬ ያበርደዋል። ቀኑ ሞቃት ከሆነ ቀዩንም ቢሆን ሃያ ደቂቃ ያህል ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት። የተረፈውን ደግሞ ከድናችሁ ፍሪጅ አስገቡ፤ በሁለት በሦስት ቀን ጨርሱት።

ታዲያ ይገዛል ወይ? ለእኔ ይገዛል! ግን ሰው ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት አንድ ጠርሙስ ቤታችሁ ሞክሩ። ከተጠራጠራችሁ ርካሹንና ውዱን በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ጓደኛ ያስቀምሳችሁ። ልዩነቱን ካልለያችሁት ትርፉን ብር ለጥብሱ አውሉት። ከለያችሁትና ውዱ ከጣማችሁም ግዙት፣ ከኪሳችሁ ከሆነ! በብድር የተገዛ ወይን ግን ጣዕሙ ዕዳው እስኪጠየቅ ብቻ ነው። ደግሞም አማቾች የሚመዝኑት ሰውየውን እንጂ ጠርሙሱን አይደለም።

በልክ ጠጡ፤ ሳምንት እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ!