ዩሪያ ከመበተናችን በፊት ቦዩን እንዝጋ

በፎገራ ሜዳ ሩዝ የምታለሙ፣ በተለይም ከርብና ከጉማራ ውሃ እየጠለፋችሁ ማሳችሁን የምታጠጡ ወገኖች፤ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው። አብረዋችሁ ለሚውሉት የልማት ሠራተኞችና ማዳበሪያውን ለሚያከፋፍሉት የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ነው።

50 ኪሎ በሚመዝን አንድ ጆንያ ዩሪያ ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ሩዝ ቅጠሉን የሚያለመልመው፣ ከሥሩ ቡቃያ እየጨመረ ዛላውን የሚያበዛው በዚህ ነው። ጆንያው ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በጅቡቲ ወደብ አልፎ፣ በመጨረሻም የገበሬው ጥሪት ወጥቶበት ነው ማሳ የሚደርሰው። ሆኖም ውሃ በተኛበት ሩዝ ላይ ከሚበተነው ናይትሮጅን ሰብሉ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች ነው። የቀረውን አየርና ቦይ ይካፈሉታል።

ነጩ ፍሬ ውሃው ላይ ሲወድቅ ወዲያው ይሟሟል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ወደ አሞኒያነት ይለወጣል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ስትበረታ በማሳው ውሃ ውስጥ ያለው አረንጓዴ አልጌ የውሃውን ጠባይ ይቀይረዋል፣ ያኔ አሞኒያው ጋዝ ሆኖ ይተናል። ነፋስ ከጨመረበት ይብሳል። ሌላም ኪሳራ አለ። ማሳው ደርቆ ሲሰነብት አፈሩ ውስጥ ናይትሬት ይፈጠራል፤ እንደገና ውሃ ሲተኛበት ደግሞ አየር ያጡት የአፈር ተህዋስያን ናይትሬቱን ወደ ጋዝ ይለውጡታል። ያለ ዕቅድ ማሳን አንዴ ማድረቅ አንዴ ማጥለቅለቅ ገንዘብን ለነፋስ መስጠት ነው።

መላው አለ። የተኛውን ውሃ አንጠፍጥፎ ዩሪያውን እርጥብ ጭቃ ላይ መበተን፣ ሲያርሙ ከጭቃው ጋር ማዋሃድ፣ ከዚያም ውሃውን በዝግታ መመለስና ክትሩን ዘግቶ ማቆየት። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አለመጨረስ፤ ከፊሉን ሩዙ ቡቃያ ሲያበዛ፣ ከፊሉን ዛላ መቋጠር ሲጀምር መስጠት። ዩሪያ በበዛ ቁጥር ምርት ይበዛል የሚለው ሐሳብ ስህተት ነው። ዩሪያ ከልክ ያለፈበት ሩዝ ይጋሸባል፣ በሽታም ይደፍረዋል። ስለ መጠኑ የወረታውን የሩዝ ምርምር ማዕከል ምክር በልማት ሠራተኛው በኩል እንጠይቅ።

ይህን ግን አንድ ገበሬ ብቻውን ሊፈጽመው አይችልም። ውሃው ከማሳ ወደ ማሳ ነው የሚሄደው። የታችኛው ዩሪያውን በትኖ ገና ሳይሰነብት የላይኛው ክትሩን ከከፈተ፣ የታችኛው ድካምና ገንዘብ ታጥቦ ይሄዳል። ታጥቦ የሄደው ናይትሮጅን መድረሻም ጣና ሐይቅ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁን ያስጨነቀው የእምቦጭ አረም የሚፋፋው በእንዲህ ያለ ምግብ ነው። ጥፋቱ የሩዝ ገበሬው ብቻ አይደለም፤ የከተማ ፍሳሽና ከየተራራው የሚታጠበው አፈርም አሉበት። የእኛን ድርሻ መቀነስ ግን በእጃችን ነው። በየዓመቱ እምቦጭ ለመንቀል ጣና ዳር የሚወጣው ክንድ፣ ቦይ ለመዝጋትም አያንስም።

የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 841/2006 ሕጋዊ መሠረት አላቸው። ተራ ማስያዝ፣ ደንብ ማውጣት፣ ደንብ ያፈረሰውን መጠየቅ ይችላሉ። የዩሪያ መበተኛ ቀን በውሃ ተራው መዝገብ ውስጥ ይግባ። የኅብረት ሥራ ማኅበራትም አደራ አለባቸው፤ ዛላ ከወጣ በኋላ የሚደርስ ዩሪያ የዛላውን ቁጥር አይጨምርምና ጆንያው በጊዜው ይድረስ።

እንግዲህ ከዘር በፊት የአንድ ቦይ ጎረቤታሞች አንድ ቀን እንቀመጥ። ማን መቼ እንደሚበትን፣ ማን መቼ ክትሩን እንደሚዘጋ ተነጋግረን እንወስን። የላይኞቹ፣ መጀመሪያ ቃል የምትገቡት እናንተ ሁኑ።