የመጫኛው ዲስክም እንደ ዘር በወቅቱ ይድረስ

የማዳበሪያና የቁጠባ መዝገባቸውን በኮምፒውተር የሚይዙ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች አንድ ጉዳይ ሊያስቡበት ይገባል። ይኸውም ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ፕሮግራም የሚጫንበት ዲስክ በየስንት ጊዜው ይታደስ የሚለው ነው።

ምንጫቸው ለሁሉም ክፍት ከሆኑትና ያለ ክፍያ ከሚገኙት መካከል ኡቡንቱ በየ6 ወሩ አዲስ ዕትም ያወጣል። ደቢያን ግን 2 ዓመት ገደማ ይቆያል፤ 12ኛው በሰኔ 2015 ዓ.ም.፣ 13ኛው በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ወጥተዋል። በመካከሉም በየ2 ወሩ ገደማ እርማቶቹን አካትቶ ዲስኩን ያድሳል።

ለእኛ የሚበጀው ብዙ የሚቆይ ዕትም፣ ቶሎ የሚታደስ ዲስክ ነው። ዕትሙ ቶሎ ቶሎ ከተለዋወጠ መዝገብ ያዡ ሥራውን ትቶ እንደገና ሲማር ይከርማል። ዓመት የከረመ ዲስክ ደግሞ ከተጫነ በኋላ ብዙ እርማት ከኢንተርኔት ማውረድ ይጠይቃል። መስመሩ በማይደርስበት የጣና ዳርቻ ቀበሌ ይህ አይሆንም፤ ቀዳዳው ሳይደፈን ይቀራል፤ የገበሬውም ሒሳብ ለአደጋ ይጋለጣል።

በመሆኑም ማኅበራት በዓመት 2 ጊዜ፣ ማለትም ማዳበሪያ ከመከፋፈሉ በፊትና ከአዝመራ በኋላ፣ ከባሕር ዳር የታደሰውን ቅጂ በፍላሽ አስገልብጠው ሊያስመጡ ይገባል። ዘር በወቅቱ ካልደረሰ እንደማይጠቅም ሁሉ ዲስኩም እንዲሁ ነው።